ከጨርቅ ነጋዴነት ወደ ገንዘብ ነጋዴነት፦ ጆርጅ ፒቦዲ በሎንዶን

በንግድ ሥራ ብዙ ዘመን የቈየ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ልቡን የሚፈትን አሳብ ይመጣበታል። ዕቃ መግዛትና መሸጥ፣ መጋዘን መከራየት፣ ከጉምሩክ ማስለቀቅ፣ የጠፋ ባለዕዳ ማፈላለግ ሲሰለቸው «ዕቃውን ለሌላው ትቼ ገንዘቡን ራሱን ብነግድ ምን ይመስላል?» ይላል። ኑሮውን ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር ያዛወረ ሰው ደግሞ የቀድሞ ሱቁና ደንበኞቹ ወደ ኋላ ስለሚቀሩበት ይህ አሳብ ይበልጥ ይበረታበታል። ከዚህም በኋላ አንዳንዱ ለባንክ ሥራ ከሁሉ አስቀድሞ የተከማቸ ገንዘብ ያስፈልጋል ብሎ ይፈራል፤ አንዳንዱም ሒሳብ ማወቅና የጸዳ ቢሮ መክፈት ይበቃል ብሎ ይደፍራል። የፈራውም የደፈረውም በአርባ ሁለት ዓመት ዕድሜው አገሩን ለቆ በሎንዶን ከተማ የገንዘብ ሥራ የጀመረውን የአሜሪካዊውን የጨርቅ ነጋዴ የጆርጅ ፒቦዲን ታሪክ ቢመለከቱ የሚያርሙት ነገር ያገኛሉ። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚጠቀሱት ዘመኖች፣ ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተጻፈባቸው በስተቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ፒቦዲ በ1795 በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ያን ጊዜ ሳውዝ ዳንቨርስ ትባል በነበረች፣ ዛሬ ግን በእርሱ ስም ፒቦዲ በምትባል መንደር ከድኻ ቤተ ሰብ ተወለደ። የትምህርቱ ነገር ከጥቂት ዓመታት አላለፈም፤ ገና በዐሥራ አንድ ዓመቱ ከትምህርት ቤት ወጥቶ በአንድ ሱቅ ውስጥ ሥራ ለመማር ተቀጠረ። በ1811 አባቱ ሞተ፤ በዚያው ዓመት ከወንድሙ ጋር ይሠራበት የነበረው የኒውበሪፖርት ከተማ የንግድ ሰፈር ተቃጠለ። በሚመጣውም ዓመት ከአጐቱ ጋር ወደ ደቡብ ተጕዞ ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው በጆርጅታውን ሱቅ ያዘ። በዚያም ኤሊሻ ሪግስ ከሚባል ከእርሱ በዕድሜ ከሚበልጥ ነጋዴ ጋር ተዋውቆ ሸሪክ ሆነ። ሪግስ ገንዘቡን አቀረበ፤ ፒቦዲ ደግሞ ጕልበቱንና ትጋቱን። ብዙም ሳይቈዩ ንግዳቸውን ወደ ባልቲሞር ወደብ አዛወሩና ከእንግሊዝ አገር የሚመጣ ብትን ጨርቅ በጅምላ እያስመጡ ለባለሱቆች ያከፋፍሉ ጀመር። በ1822 በፊላደልፊያና በኒውዮርክ ቅርንጫፍ ከፈቱ።

እንግዲህ ይህ ሰው የባንክ ቤት ደጅ ከመርገጡ በፊት ከሃያ ዓመት በላይ ክንድ እየለካ ጨርቅ የሸጠ፣ ዱቤ የሰጠ፣ ዱቤም የተቀበለ ሰው ነበር። በ1827 ለመጀመሪያ ጊዜ ዕቃ ሊገዛ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረ፤ ከዚያም በኋላ ደጋግሞ ተመላለሰ። የማንቸስተርንና የሊድስን ፋብሪካዎች የሚያውቁ ሻጮች ባልቲሞር ያለውን ሱቁን አይተውት አያውቁም፤ የሚያውቁት የፒቦዲ ዕዳ በቀኑ መከፈሉን ብቻ ነበር።

በእርግጥ ከጨርቅ ወደ ገንዘብ የተሻገረ እርሱ የመጀመሪያው አይደለም። በዚያችው በባልቲሞር አሌክሳንደር ብራውን የተባለ የሰሜን አየርላንድ ሰው በ1800 አገሩን ለቆ መጥቶ የተልባ እግር ጨርቅ ማስመጣት ጀምሮ ነበር። ከዚያ ለራሱ ዕቃ መክፈያ የሚሆን የሐዋላ ወረቀት መፈለግ ነበረበት፤ ቀጥሎም ለጎረቤቱ ነጋዴ ወረቀት መሸጥ ጀመረ፤ በመጨረሻም የወረቀቱ ሥራ ከጨርቁ በለጠና ስሙ የታወቀ የባንክ ቤት ሆነ። ልጁ ዊልያም ደግሞ በ1810 ተመልሶ ሊቨርፑል ላይ ተቀመጠ። በውቅያኖሱ በሁለቱም ዳር ዘመድ ያለው ነጋዴ ምን ያህል ብልጫ እንዳለው ፒቦዲ በጎረቤቱ አይቶታል። የናታን ሮትሽልድም ነገር ከዚህ ይመሳሰላል፤ እርሱም ከፍራንክፈርት ተነሥቶ ማንቸስተር ላይ ጨርቅ እየገዛ ወደ አውሮፓ ከላከ በኋላ ነው ሎንዶን ገብቶ በገንዘብ ሥራ የታወቀው።

ፒቦዲ በሎንዶን ለመቀመጥ የቈረጠው በ1837 ነው። ዘመኑ እጅግ ክፉ ነበር። በዚያ ዓመት በግንቦት ወር የኒውዮርክ ባንኮች ወረቀት ይዞ ለሚመጣ ሰው ወርቅና ብር መክፈል አቆሙ። በሰኔም ከአሜሪካ ጋር በመነገድ የታወቁት ሦስት የሎንዶን ቤቶች፣ ዊልሰን፣ ዊጊንና ዋይልድስ የሚባሉት፣ ዕዳቸውን መክፈል አቅቷቸው ወደቁ። የስማቸው መጀመሪያ ፊደል በእንግሊዝኛ አንድ ዓይነት ስለ ነበር ነጋዴው ሁሉ በዚሁ ፊደል ይጠራቸው ነበር። ብዙ ሰው ከአሜሪካ ንግድ እጁን በሚሰበስብበት በዚያ ወራት አንድ የባልቲሞር ሰው መጥቶ ቢሮ ሲከፍት የሎንዶን ሰዎች እንደ ሞኝ ሳይቈጥሩት አልቀሩም ይሆናል። ይሁን እንጂ የወደቁት ቤቶች ያስተናግዷቸው የነበሩት ደንበኞች ባሕር አልሰጠማቸውም። ጨርቅ የሚፈልግ የአሜሪካ ባለሱቅ እንደ ቀድሞው አለ፤ ሸጦ ገንዘቡን የሚፈልግ የማንቸስተር ባለፋብሪካም አለ። የጐደለው በመካከላቸው ቆሞ «እኔ አለሁ» የሚል ሰው ነበር።

የዚህ «እኔ አለሁ» ሥራ እንዴት እንደሚካሄድ በምሳሌ ማስረዳት ይሻላል። አንድ የባልቲሞር ነጋዴ የአንድ ሺህ ፓውንድ አቡጀዲ ከማንቸስተር ይፈልጋል እንበል። ባለፋብሪካው ይህን ሰው አያውቀውም፤ ቢያውቀውም እንኳ መርከቡ እስኪደርስ፣ ዕቃው እስኪሸጥና ገንዘቡ እስኪመለስ ብዙ ወራት መጠበቅ አይችልም። ነጋዴው ግን አስቀድሞ ለሎንዶኑ ቤት ጽፎ ፈቃድ አግኝቷል። ስለዚህ ባለፋብሪካው ዕቃውን ጭኖ ከአራት ወር በኋላ የሚከፈል የሐዋላ ወረቀት በሎንዶኑ ቤት ላይ ይጽፋል። የሎንዶኑ ቤት ወረቀቱ ላይ «ተቀብያለሁ» ብሎ ይፈርማል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወረቀቱ የማይታወቅ የባልቲሞር ነጋዴ ዕዳ መሆኑ ቀርቶ የታወቀ የሎንዶን ቤት ዕዳ ይሆናል፤ ባለፋብሪካውም ቀኑን ሳይጠብቅ በጥቂት ቅናሽ ሸጦት ለሠራተኞቹ ደመወዝ ይከፍላል። ነጋዴው ደግሞ አራቱ ወር ከመሙላቱ በፊት ጨርቁን ሸጦ ገንዘቡን ወደ ሎንዶን ይልካል። የሎንዶኑ ቤት ከሣጥኑ አንድ ፓውንድ ሳያወጣ ኮሚሲዮኑን ያገኛል ማለት ነው። ያበደረው ገንዘብ ሳይሆን ስሙን ነው።

ስም ማበደር ቀላል የሚመስለው ሁሉ እንደ ታሰበው በሄደ ጊዜ ነው። ባልቲሞር ያለው ነጋዴ ባይከፍል በቀኑ ከፋዩ ፈራሚው ነው። ስለዚህ በዚህ ሥራ ከሁሉ የሚበልጠው ዕውቀት ማን እንደሚከፍልና ማን እንደማይከፍል ለይቶ ማወቅ ነው፤ ይህን ደግሞ ከመጽሐፍ የሚማሩት አይደለም። ባሪንግ ብራዘርስ የተባለው የሎንዶን ታላቅ የባንክ ቤት ስለዚህ ነገር ቶማስ ዋርድ የተባለ ወኪል ቦስተን ላይ አስቀምጦ የአሜሪካን ነጋዴዎች ጠባይ፣ ሀብትና አከፋፈል በመዝገብ ያስጽፍ ነበር። ፒቦዲ ወኪል መቅጠር አላስፈለገውም። ከሃያ ዓመት በላይ በዱቤ የሸጠላቸው ባለሱቆች ዝርዝር በራሱ ጭንቅላት ውስጥ ነበር፤ ማን በቀኑ እንደሚከፍል፣ ማን ሁለት ጊዜ ካልተጻፈለት እንደማይልክ፣ ማን ደግሞ ባለፈው ክረምት ሚስቱ ስለ ታመመች ብቻ እንደ ዘገየ ያውቃል። ባሕር ተሻግሮ ያመጣው ዋና ካፒታል ይህ ነው።

ነገሩ ለአገራችን አስመጪና ላኪ እንግዳ አይደለም። ዛሬ አስመጪው በባንክ የሚያስከፍተው ኤልሲ በባሕርዩ ያው የፒቦዲ ፊርማ ነው፤ ልዩነቱ በግል ቤት ፋንታ ባንክ መግባቱና ከ2007 ጀምሮ ሥራው ዩ.ሲ.ፒ. 600 በሚባለው የዓለም አቀፍ የንግድ ምክር ቤት ደንብ መመራቱ ነው። የባንክ ሥራም ወደ አገራችን የገባው በተዛወሩ ሰዎች እጅ ነው። በ1897 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከግብጽ ብሔራዊ ባንክ ጋር ውል ተደርጎ የአቢሲኒያ ባንክ ሲቋቋም የሚያስተዳድሩት ሰዎች ከግብጽ የመጡ ነበሩ። ባንኩም ገንዘብ ሳያጣ ለብዙ ዓመታት የአገሩን ነጋዴ ልማድ እስኪለምድ ድረስ ተቸግሯል።

ይህ ጉዳይ በቅርቡ እንደ አዲስ ተነሥቷል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ኢትዮጵያውያን የግል ባንክና የኢንሹራንስ ኩባኒያ እንዲያቋቁሙ ፈቀደ፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው ደግሞ በትውልድ ኢትዮጵያውያን ሆነው የውጭ አገር ዜግነት ለያዙ ሰዎች በባንክ አክሲዮን እንዲገዙ መንገድ ከፈተ፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የባንክ ሥራ ዐዋጅ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ በር ከፍቷል፤ በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀመረ። ከውጭ አገር ተመልሰው ወይም ከንግድ ወጥተው በዚህ መስክ ሊሰማሩ የሚያስቡ ሰዎች አሉ። በፒቦዲ ዘመን ማንም ፈቃድ አሳይ ያላለው የገንዘብ ሥራ ዛሬ ግን ያለ ፈቃድ አይነካም፤ በገበያው አሻሻጭ ወይም አማካሪ ሆኖ ለመሥራት የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱና የምስክር ወረቀቱ በሥርዐቱ ይገኛል እንበል። የመርካቶ ጅምላ ሻጭ ወይም የጅማ ቡና አቅራቢ በቀኑ ይከፍል እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው ግን በምስክር ወረቀት አይገኝም፤ ከውጭ የሚመጣው ባንክም ይህን ዕውቀት ከማንም ይልቅ ከነጋዴው ዘንድ መፈለጉ አይቀርም።

ወደ ፒቦዲ እንመለስ። ሎንዶን የገባው ጨርቅ ሊገዛ ብቻ አልነበረም። የሜሪላንድ ግዛት ምክር ቤት በ1836 ለጀልባ መተላለፊያ ቦይና ለምድር ባቡር ሥራ ስምንት ሚሊዮን ዶላር ለመበደር ስለ ወሰነ ቦንዱን በአውሮፓ እንዲሸጡ ከተሾሙት ሦስት ወኪሎች አንዱ እርሱ ነበር። ገበያው በመበላሸቱ ሥራው ተጓተተ፤ እርሱ ግን ሳይሰለች ደጅ ጠንቶ በመጨረሻ ከባሪንግ ብራዘርስ ጋር ተስማምቶ ቦንዱን አሸጠ። ለእንግሊዝ መኳንንት፣ ለመበለቶች፣ ለጡረተኞች፣ ወለዱን እየተቀበሉ ሊኖሩበት ገዙት። ለአዲስ ጀማሪ ከዚህ የበለጠ ስም የሚያወጣ ሥራ አልነበረም።

በ1842 ሜሪላንድ ወለድ መክፈል አቆመች። ብቻዋንም አልነበረችም፤ ከ1841 እስከ 1843 ባለው ጊዜ ስምንት የአሜሪካ ግዛቶችና ገና ግዛት ያልሆነችው ፍሎሪዳ ዕዳቸውን ሳይከፍሉ ቀሩ። በሎንዶን የአሜሪካ ስም እንደ ቈሻሻ ተቈጠረ። ፒቦዲም የሚከፍለውን የራሱን ዕዳ ሁሉ በቀኑ እየከፈለ ሳለ የአገሩ ዕዳ በእርሱ ላይ ተጻፈበት፤ አንድ የታወቀ የሎንዶን ክበብ ዕዳዋን ከማትከፍል አገር የመጣ ሰው ነው በማለት አባል ሊያደርገው እንዳልፈቀደ ይነገራል። በገንዘብ ሥራ የተሰማራ እንግዳ ሰው ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። የጨርቅ ነጋዴ ቢሆን ኖሮ ጨርቁ መልካም እስከ ሆነ ድረስ የመጣበትን አገር የሚጠይቀው የለም። የሚሸጠው እምነት በሆነ ጊዜ ግን የመጣበት አገር መልካምም ሆነ ክፉ ስሙ ከፊቱ እየቀደመ ቢሮ ይገባል። አገሩን ክዶ እንግሊዛዊ ነኝ እንዳይል አነጋገሩ ያስታውቅበታል፤ አገሬ አታጭበረብርም እንዳይል ወለዱ አልተከፈለም።

ያደረገው ሁለት ነገር ነው። በመጀመሪያ ከቦንዱ ሽያጭ የሚገባውን ስልሳ ሺህ ዶላር ኮሚሲዮን ሳይጠይቅ ተወው። ገንዘቡ ያን ጊዜ ትልቅ ሀብት ነበር፤ እርሱም ገና አዲስ ቤት ስለ ከፈተ ሳያስፈልገው አልቀረም። ነገር ግን ቦንዱን የገዙት ሰዎች አንድ ሳንቲም ወለድ ባላገኙበት ጊዜ የሸጠላቸው ሰው ዋጋውን ከግዛቲቱ ሣጥን ሲቀበል ቢታይ ከዚያ በኋላ ማን ያምነዋል? ሁለተኛውም ለሜሪላንድ ሰዎች ያለ ዕረፍት መጻፍ ነበር፤ የማትከፍሉት ለባዕድ መስሏችሁ ይሆናል፣ ነገ ለምድር ባቡራችሁ የሚያበድራችሁን ሰው ነው የምታስቀይሙት እያለ ይወቅሳቸው ነበር። ይህ ሁሉ ንጹሕ ሥራ ብቻ ነበር ማለት ግን አይቻልም። ከባሪንግ ብራዘርስ ጋር ሆኖ በሜሪላንድ ለዕዳው መከፈል የሚጽፉ ጋዜጠኞችንና የሚቀሰቅሱ ሰዎችን በስውር በገንዘብ እንደ ረዳ፣ ቀሳውስትም ስለ ውል ክቡርነት እንዲሰብኩ እንደ ተደረገ የባንክ ታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ዓላማው ዕዳ ማስከፈል ቢሆንም መንገዱ የሚመሰገን አይደለም።

በ1848 ሜሪላንድ ወለዱን እንደ ገና መክፈል ጀመረች። የግዛቲቱ ምክር ቤትም ኮሚሲዮኑን ስለ ተወና ስለ ደከመ ለፒቦዲ በይፋ ምስጋና አቀረበ። ምስጋናው ዳቦ አይገዛም ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን በእነዚያ መጥፎ ዓመታት ሌላው ሰው እንደ ቈሻሻ የጣለውን የአሜሪካ ቦንድ ፒቦዲ በርካሽ ዋጋ እየለቀመ ይገዛ ነበርና ክፍያው ሲቀጥል ዋጋው ሲነሣ ብዙ አተረፈ። ኮሚሲዮኑን የተወው ሰው የዋህ አልነበረም ማለት ነው።

የጨርቁን ንግድ ወዲያው አልጣለም። ብዙዎች ሥራ ሲለውጡ የፊተኛውን በአንድ ቀን ዘግተው በኋለኛው ይገባሉ፤ እርሱ ግን በባልቲሞር ካለው ሽርክና የወጣው ሎንዶን ከተቀመጠ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ በ1840ዎቹ ዓመታት ነው። እስከዚያ ድረስ ጨርቅ እየገዛ ይልካል፤ የሌላውን ወረቀት ይፈርማል፤ ለአሜሪካ ምድር ባቡር የሚሆን የብረት ሐዲድ ይሸጣል፤ የሐዲዱንም ዋጋ በባቡር ኩባኒያው ቦንድ ይቀበላል። ከአሜሪካ ወደ እንግሊዝ የሚመጣውና የጨርቁን ዋጋ የሚከፍለው ዕቃ በአብዛኛው ጥጥ ነበር፤ ያ ጥጥ ደግሞ በባሮች ጕልበት ይመረት ነበር። የፒቦዲም ሆነ የባሪንግና የብራውን ቤት ትርፍ ከዚህ ንግድ ጋር የተያያዘ መሆኑ ሊሸሸግ አይገባውም።

ኑሮው የመነኵሴ ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም። ሚስት አላገባም፤ ቢሮው በጠዋት ገብቶ የሚወጣው በመሸ ጊዜ ነው፤ ምሳውንም ከጠረጴዛው ሳይነሣ ይበላ ነበር። በአንድ ነገር ብቻ ገንዘብ አይሰስትም ነበር፤ እርሱም በአገሩና በእንግሊዝ ሰዎች መካከል ዕርቅ የሚያመጣ ግብዣ ነው። በ1851 በሎንዶን ታላቁ የዓለም ኤግዚቢሽን ሲከፈት የአሜሪካ መንግሥት ምክር ቤት ገንዘብ ስላልመደበ የአገሩ ክፍል ባዶውን ቀረ፤ ዕቃው በሣጥን እንደ ታሸገ የሎንዶን ጋዜጦች መሣቂያ አደረጉት። ፒቦዲ ዐሥራ አምስት ሺህ ዶላር አውጥቶ ክፍሉን አስጌጠው። ከዚያ በኋላ ነው የማኮርሚክ የአጨዳ መኪናና የኮልት ሽጕጥ በሕዝብ ፊት የታዩት። በዚያው ዓመት ሐምሌ 4 ቀን፣ አሜሪካ ከእንግሊዝ ነጻ በወጣችበት መታሰቢያ ዕለት፣ በሎንዶን ትልቅ ግብዣ አደረገ። በዚህ ግብዣ ላይ ናፖሌዎንን ያሸነፈው ሽማግሌው የዌሊንግተን መስፍን ተገኘ። ዘጠኝ ዓመት አስቀድሞ በአገሩ ዕዳ ምክንያት ሲሰደብ ለኖረ ሰው ይህ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ነበር።

ሆኖም ዕድሜው እየገፋ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም እየጸናበት ሄደ፤ ልጅ የለውም፤ ቤቱን የሚረከብ ሰው ያስፈልገው ነበር። የባንክ ባለሙያ ይመርጣል ብሎ የጠበቀ ካለ ተሳስቷል። የመረጠው ጁኒየስ ሞርጋን የተባለ፣ በሃርትፈርድና በቦስተን በጅምላ ጨርቅ ሲነግድ የኖረ ሰው ነው። ሞርጋን በ1854 ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ሎንዶን ተዛወረ፤ ዕድሜውም አርባ አንድ ነበር፤ ፒቦዲ በተዛወረበት ዕድሜ በአንድ ዓመት ያነሰ ማለት ነው። በሁለት ጨርቅ ነጋዴዎች እጅ የተያዘ የባንክ ቤት በሎንዶን ዐዋቂዎች ዘንድ ምን እንዳሰኘ መገመት አያዳግትም።

ሦስት ዓመት ሳይሞላ ፈተናው መጣ። በክራይሚያ ጦርነት ዘመን ተወድዶ የነበረው የአሜሪካ ስንዴ ከጦርነቱ በኋላ ረከሰ፤ ነሐሴ 1857 በኒውዮርክ የኦሃዮ ላይፍ ኩባኒያ ወደቀ፤ ከዚያ ጋር የምድር ባቡር አክሲዮንና ቦንድ ሁሉ ተከተለ። የአሜሪካ ነጋዴዎች ገንዘብ መላክ አቆሙ። የፒቦዲ ቤት ግን «ተቀብያለሁ» ብሎ የፈረመባቸው ወረቀቶች በየቀኑ ይደርሱ ነበር። አበዳሪዎቹ ገንዘባቸውን ጠየቁ። ተቀናቃኝ የነበሩ ትላልቅ ቤቶች ፒቦዲ ሥራውን በሚመጣው ዓመት መጨረሻ የሚዘጋ ቢሆን እንረዳሃለን እንዳሉትና እርሱም ብትደፍሩ ጣሉኝ ብሎ እንደ መለሰላቸው ይተረካል። ከሞት ያዳነው የእንግሊዝ ባንክ ነው፤ እስከ ስምንት መቶ ሺህ ፓውንድ ድረስ የሚደርስ ብድር ፈቀደለት። ወሬው በተሰማ ጊዜ አበዳሪዎቹ ዝም አሉ። በ1837 ሦስቱ የሎንዶን ቤቶች በወደቁበት ጕድጓድ አፋፍ ላይ ቆሞ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ያተረፈው ስም ብቻ ይዞት ተረፈ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ታሪክ የሎንዶን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በ1862 ለሎንዶን ድኾች መኖሪያ ቤት እንዲሠራበት መቶ ኀምሳ ሺህ ፓውንድ ሰጠ፤ ኋላም እየጨመረ አምስት መቶ ሺህ አደረሰው። ያ ማኅበር እስከ ዛሬ ድረስ ቤት ያከራያል። በባልቲሞርም ለትምህርትና ለሙዚቃ የሚሆን ተቋም አቆመ። በ1869 ሎንዶን ላይ ሲሞት አስከሬኑ በጦር መርከብ ወደ አገሩ ተላከ።

ለሞርጋን ግን እንደዚህ ለጋስ አልነበረም። በ1864 የዐሥር ዓመቱ የሽርክና ውል ሲያልቅ ፒቦዲ ከሥራው ወጣና ካፒታሉን አነሣ። ሞርጋን ቤቱ በቀድሞው ስም እንዲቀጥል ተስፋ ያደርግ ነበር፤ ከዐሥር ዓመት የጋራ ድካም በኋላም የሚገባው ይመስለው ነበር። ፒቦዲ ገንዘቡን ለማያውቃቸው ድኾች በመቶ ሺህ እየቈጠረ ሲሰጥ ስሙን ለሸሪኩ ከለከለው። ሰሌዳው ወረደ፤ በፋንታውም ጄ. ኤስ. ሞርጋን ኤንድ ኩባኒያ የሚል ተሰቀለ። ሞርጋንም በኀምሳ አንድ ዓመቱ የራሱን ስም ወረቀት ላይ መፈረም ጀመረ።